ከእምነበረዱ ላይ የተፋቀ ስም

ውድ ይትባረክ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ በምን ፊቴ ደኅንነትህን እጠይቃለሁ? ይህን የምጽፈው ልብስ መስፊያ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው ሚኒባስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል ተብሏል፣ መንገዱ ካልተዘጋ። ዛሬ እናትህና እኔ አብረን እንሄዳለን። ለምን እንደምንሄድ እንድታውቅ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ደብዳቤውን የምልክበት አድራሻ የለኝም። አራት ዓመት በሆዴ ይዤው የዞርኩትን ነገር ከሁሉ በፊት መስማት የነበረብህ አንተ ነበርክ፤ አሁን ግን አገር ሁሉ ሰምቶት አንተ ብቻ ቀረህ።

ከተማችን ሐውልት አቁማለች። ከጎረቤላ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ከገበያችን ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ አህዮች የሚታሰሩበት ሜዳ ጥግ ላይ ነው። ጥቁር ድንጋይ ጠርበው ሁለት ሰው ቁመት ያህል ካቡና ፊቱ ላይ ነጭ እምነበረድ ለጠፉበት። አሸዋውንና ድንጋዩን ሕዝቡ በጀርባው ነው ያመላለሰው፤ እኔም ሁለት ቅዳሜ ተሸክሜያለሁ። ከላይ «ለእኛ ሲሉ የወደቁ ልጆቻችን» ይላል። ከሥሩ በሰሜኑ ጦርነት ሄደው የቀሩት የከተማችንና የቆላው ልጆች ስም በፊደል ተራ ተቀርጿል፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም አንድ ላይ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሒሳብ ያስተማሩን ጋሽ ገብረ ጻድቅ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጸጉራቸው ጥጥ መስሏል፤ ጠመኔ የያዙ ይመስል ጣታቸውን ማፍተልተል ግን አልተዉም።

መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ አንተ አልነበርክም። ኮሚቴው ስም የሚያስገባው የሞት ወረቀት ለመጣለት፣ ወይም ሲሞት በዓይኑ ያየ ምስክር ላለው ብቻ ነው። ላንተ ወረቀት አልመጣም። ምስክር ቢኖር ደግሞ እኔ ነኝ፤ እኔ ከግንባር የተመለስኩ ዕለት ለእናትህ «ተለያየን፤ በየት በኩል እንደወጣ አላየሁም» ብያቸው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቃል ደጋግሜያለሁ። እሳቸውም አራት ዓመት ሙሉ አላለቀሱም። ተዝካርህን አላወጡም፣ ጥቁር አልለበሱም፣ አልጋህንም አላነሱም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሱቄ በር በኩል ያልፉና «ዛሬስ የሰማኸው አለ?» ይሉኛል። «የለም እማማ» እላቸዋለሁ። «እሺ» ብለው ይሄዳሉ። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ዝርዝሩ ከተለጠፈ በአራተኛው ቀን ግን እንደልማዳቸው በር ላይ አልቆሙም። ገቡና ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ መልሰው አስተካከሉ።

«ሙኽታሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሳትዋሽ ትነግረኛለህ?»

«ይጠይቁኝ እማማ።»

«ልጄ ፈሪ ነበር?»

ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ እግሬን አነሳሁና ወደሳቸው ዞርኩ። «ማነው እንዲህ ያለዎት?»

«እድር ላይ ነው የሰማሁት። ከድቶ ነው አሉ። ሰው አገር ገብቶ፣ ሚስት አግብቶ ይኖራል አሉ። ስሙ ያልተጻፈው ለዚያ ነው አሉ።» የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉት። «ሞቷል ካሉም ይበሉ፣ ሙኽታሬ። ከድቷል ግን አይበሉብኝ። አንተ አብረኸው ነበርክ። እኔ እኮ ስትሄዱ አደራ ያልኩህ አንተን ነው።»

አስታውሳለሁ ይትባረክ። መኪናው ላይ ስንወጣ የአንተን እጅ ይዘው የእኔን ዓይን እያዩ ነበር «አደራህን» ያሉት። አንተ ስቀህ «እሱን ነው ለእኔ አደራ ማለት» አልካቸው።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ውሸት የዋሸሁት። ከድቷል ሲሉህ መስማት አቃተኝ። አንተ ከድተህ አታውቅም፤ ከእኛ ሁለታችን የከዳው አንተ አልነበርክም። ግን እሱን ከመናገር ይልቅ የቀለለኝን ተናገርኩ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ያን ጊዜ ልነግርዎ አልቻልኩም። ይትባረክ ሞቷል። በእጄ ላይ ነው የሞተው። እኔው ነኝ የቀበርኩት።»

አልጮሁም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የስፌት መኪናዬን መንኮራኩር እያዩ ጠየቁኝ።

«ዓይኑን ማን ከደነው?»

«እኔ።»

«ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙረህ ነው የቀበርከው? የኛን ሥርዓት ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ወደ ምሥራቅ ነው።»

«ምን አለ? መጨረሻ ላይ?»

«እርስዎን ጠራ።»

ይህኛው እንኳ ውሸት አልነበረም፤ ጠርተሃቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው እናትህ ከበርጩማው ወደ ወለሉ የወረዱት። ደግፌ ላነሳቸው ስል «ተወኝ፣ አራት ዓመት ነው ቆሜ የኖርኩት» አሉኝ።

አሁን የሆነውን እጽፈዋለሁ። አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ስናገረው ግን ሰምተህ አታውቅም።

ኅዳር ነበር። ከደሴ ወዲያ ያለው ያ ሸለቆ ያልታጨደ ማሽላ ሞልቶበት ነበር። ቀትር ሲቃረብ ጥይቱ ሆድህንና ታፋህን አገኘው። ከዙሁር እስከ አስር ሰላት አዘልኩህ። መጀመሪያ ትቀልድ ነበር፤ «አንተ ከበቅሎ ትሻላለህ፣ አትራገጥም» አልከኝ። በኋላ ቀልዱን ተውከው። ደምህ በወገቤ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ስረግጥ ይንቦጫረቅ ነበር። ከኋላችን ተኩሱ እየቀረበ መጣ፤ የእኛ ሰዎች በማሽላው ውስጥ በግራም በቀኝም እየሮጡ ያልፉን ነበር። አንድ እርከን ሥር አወረድኩህ። ጀርባህን ለድንጋዩ አስደግፌ ኮዳዬን እጅህ ላይ አስያዝኩህ። «ሰው ይዤ እመለሳለሁ» አልኩህ። «እናቴ» አልክ መጀመሪያ፣ ቀጥለህ ግን ዓይኔን አየኸኝና «ቶሎ በል እሺ» አልከኝ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ልመለስ ነበር የሄድኩት።

አስፋልቱ ላይ ስደርስ ሰው የጫነ መኪና ቀስ እያለ ይሄድ ነበር። አዛዥ ተወው ቢለኝ ኖሮ ዛሬ በሱ አሳብብ ነበር። ማንም ተወው አላለኝም። ማንም ውጣም አላለኝም። «ወንድሜ እዚያ ታች አለ» ብዬ ብጮህ ሁለት ሰው ባይወርድ አንድ ይወርድ ነበር። አልጮህኩም። እጄን ዘረጋሁ፤ አንዱ ጎትቶ አወጣኝ። መኪናው ፍጥነት ሲጨምር የተሰማኝን ልንገርህ? እፎይታ ነው። ሐዘኑ የመጣው በማግሥቱ ነው። ያን ዕለት ግን እፎይ ነው ያልኩት።

ስለዚህ ጋሽ ገብረ ጻድቅ ዘንድ ሄጄ መሰከርኩ። ወረቀቱን ሞልቼ ፈረምኩ። መሐላ ሊጠይቁኝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ትከሻዬን መታ አድርገው «ያንተ ቃል ይበቃናል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻህን ተሸክመህ ኖረሃል» አሉኝ። ስምህ ሃያ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ከላይህ ያዕቁብ አለ፣ የእትዬ አፊፋ ልጅ፤ ከታችህ ገብረአብ።

ለቅሶህ ሦስት ቀን ተለቀሰ። ድንኳን ተተከለ፣ ፍትሐት ተደረገልህ፣ ከአልዩ አምባ ድረስ ሰው መጣ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ እናትህን፣ ቀጥሎ እኔን ነበር የሚያጽናናው። ልጇን የቀበረላት እያሉ በጣታቸው ያሳዩኛል። በአራተኛው ቀን እናትህ ጥቁር ጨርቅ ይዘው ሱቄ መጡ። «አንተ ስፋልኝ። ልጄን በእጁ የቀበረ እያለ ለሌላ ሰው አልሰጥም» አሉ። ትከሻቸውን ለካሁ፣ ክንዳቸውን ለካሁ። በልካቸው ሰፍቼ ሰጠኋቸው፤ መረቁኝ።

ሐውልቱ ሲመረቅ ቄሱም ሼኩም ተራ በተራ ዱዓና ጸሎት አደረጉ። ስማችሁ በድምፅ ማጉያ አንድ በአንድ ተጠራ፤ በየስሙ ከሕዝቡ መሀል አንዲት እናት ትጮሃለች። ከግንባር የተመለስን አራት ነን፤ በእኛ ስም እንድናገር እኔን አስቀደሙኝ። ማጉያውን ያዝኩና «አላህ ይማራቸው» ብዬ መለስኩት። ትሑት ነው አሉ። እናትህ ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለህ። ሰዉ ሲበተን «ልጄ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ ስምህ ላይ አደረግሁት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። «ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ፤ «‹ይ› ነው፣ ይሄ ‹ት› ነው» እላቸዋለሁ። እናትህን በልጃቸው መቃብር ላይ ፊደል አስቆጠርኳቸው፤ ያውም አንተ በሌለህበት መቃብር።

በዚህ ይበቃ ነበር። እኔም በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ እንቅልፍም መተኛት ጀምሬ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ እናትህ ፊታቸው በርቶ መጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ጋር ተነጋግረዋል። አጽምህን አስመጥተው ከአባትህ አጠገብ ሊያሳርፉህ ነው። ሳጥኑን ወልደሩፋኤል አናጢው ከጽድ ሠርቶላቸዋል፤ እድሩ መኪና ሊያቀርብ ተስማምቷል። «የጎደለ ነገር የለም። አንተ ብቻ ቦታውን ታሳየናለህ» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ለፈሂማ ነገርኳት። ሚስቴ ናት፤ ስድስት ዓመት አብራኝ ተኝታለች፣ ይህን ግን አታውቅም። እንጨት ትፈልጥ ነበር። መጥረቢያውን መሬት ላይ አኑራ እስክጨርስ ሰማችኝ። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም።

«ሌላ ሰው መቃብር ቆፍረህ ልትሰጣቸው አስበህ ነበር?» አለችኝ።

አስቤ ነበር። በመንገዱ ዳር የተቀበረ ሰው አይጠፋም ብዬ አስቤ ነበር።

«አላህ ፊት ከመቆምህ በፊት እሳቸው ፊት ቁም፣ ሙኽታር። ተነስ፣ አሁኑኑ ሂድ» አለችኝና መጥረቢያዋን አነሳች።

እናትህ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሳጥኑን ውስጡን ነጭ ጨርቅ ያለብሱ ነበር። የጽዱ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። መንገድ ላይ የተለማመድኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ተንበርክኬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ እርከኑን፣ ማሽላውን፣ «ቶሎ በል እሺ» ያልከኝን፣ መኪናውን። መቅበሩ ሐሰት እንደሆነ፣ ዓይንህን እንዳልከደንኩ። እስኪረግሙኝ ጠበቅሁ። ይትባረክ፣ እርግማኑን ፈልጌው ነበር። በጥፊ ይመቱኛል፣ ይተፉብኛል ብዬ ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ቆይ» አሉኝ። መርፌያቸው አየር ላይ ቆሟል። «ስትለየው ይተነፍስ ነበር?»

«አዎ እማማ።»

«ያወራ ነበር?»

«አዎ።»

«ውሃ ነበረው?»

«ኮዳዬን ትቼለት ነበር።»

«ታዲያ ልጄ ሞተ ያለው ማነው?»

ቀና ስል ፊታቸውን አየሁት። ከሄድን ጀምሮ እንዲህ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም። ተነሱ። ሳጥኑን በእግራቸው ገፉትና እዚያው ግቢው መሀል ቆመው እልል አሉ። ብቻቸውን፣ በዚያ ጥቁር ልብስ። ከዚያ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ።

«ምሥር ብላ ልጄ! ምሥር ብላ!»

«እማማ ይስሙኝ፤ ሆዱን ነው የተመታው። ደሙ ብዙ ነበር። እንዲያ የቆሰለ ሰው...»

«የሚያነሳው አይጠፋም። እዚያም እናት አለች» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የነገርኳቸው አንዱም ጆሯቸው አልገባም።

ፈሂማ ንገራቸው ስትለኝ ሸክም ከእኔ ይወርዳል ብዬ ነበር። የወረደ ነገር የለም። የተቀበረላቸውን ልጃቸውን ከጉድጓድ አውጥቼ እንደገና የጠፋ አደረግሁባቸው።

በማግሥቱ ጥቁሩን አውልቀው ነጭ ለበሱ። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ዘንድ ሄደው «የልጄን ስም ከሙታን አውጡልኝ» አሉ። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ሐዘኑ አእምሯቸውን ነክቶት መሰላቸው፤ በለሆሳስ አባብለው ሸኟቸው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ምክንያቱን አልነገሯቸውም፤ እኔን ላለማጋለጥ ብለው ነው። እኔም ዝም አልኩ። ይሄን ሦስተኛው በለው።

ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ እናትህ ሐውልቱ እግር ሥር ቆመው ጭብጥ በሚሞላ ድንጋይ እምነበረዱን ይቀጠቅጡታል። በጣታቸው የለዩትን ስም ነበር የሚመቱት፤ አልሳቱትም። ሰዉ ግርር ብሎ ከቧቸዋል። እትዬ አፊፋ ክንዳቸውን ይዘው ይታገሏቸዋል፤ ፍንጣሪው ከላይ የያዕቁብን ስም ጫፍ ነክቶት ነበር።

«ብርሃነሽ፣ ምን ነካሽ? የልጄን ስም ልታፈርሺብኝ ነው?»

«የኔ ልጅ አልሞተም! የኔን ብቻ ነው የማጠፋው፣ ልቀቂኝ!»

«አብደሻል! የቀበረው እኮ ቆሞልሻል!» አሉና እትዬ አፊፋ በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እናትህም አዩኝ። ድንጋዩን እንደያዙ «ሙኽታሬ፣ ንገራቸው» አሉኝ። ልመና ነበር። ለእኔ ሲሉ ያቺን ያህል ቀን ሲታገሱ ኖረው አሁን አቃታቸው።

ነገርኳቸው። እህል የሚሸጠውም፣ አህያ የሚጭነውም፣ ጋሽ ገብረ ጻድቅም፣ ሼኩም ባሉበት ነገርኳቸው። ድምፄ ትንሽ ነበር፤ ኋላ ያሉት «ምን አለ? ምን አለ?» ሲሉ የፊተኞቹ እየተቀባበሉ አደረሱላቸው። ስለዚህ ኃጢአቴን እኔ አንዴ ስናገረው በገበያው ውስጥ አሥር ጊዜ ተነገረ። አንድ ሽማግሌ እግሬ ሥር ተፋ። እትዬ አፊፋ ግን የእናትህን ክንድ ለቀው ወደ እኔ መጡ።

«የኔ ልጅ ሞት በወረቀት ነው የመጣልኝ» አሉኝ። «ወረቀቱን የጻፈው እንዳንተ ያለ ሰው ቢሆንስ?»

ከሕዝቡ መሀል ሌላዋም እናት ፊቷ ተለወጠ፣ ሌላዋም። አየኋቸው ይትባረክ። ሠላሳ አንድ ቤት ተለቅሶ፣ ተዝካር ወጥቶ፣ በድንጋይ የታተመው ነገር እኔ በተናገርኩት ቃል ከሥሩ ተናጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳንዶቹ ከመንገድ የሚመለስ ሰው እያስቆሙ ስለ ልጃቸው መጠየቅ ጀምረዋል። ሐውልቱ ሥር አበባ የሚያኖር ሰው እንደድሮው የለም።

ጋሽ ገብረ ጻድቅ የተሰባበረውን ስምህን ሲሚንቶ አስሞሉበት። በያዕቁብና በገብረአብ መሀል አሁን ግራጫ መስመር አለች። እኔን በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፤ እጃቸውን ግን አይሰጡኝም። ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ የለም። ፈሂማ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ አልሄደችም። ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ አጠገቤ ግን አትበላም።

እኔን የሚፈልጉኝ እናትህ ብቻ ናቸው፤ ወደዚያ እንድወስዳቸው ይለምኑኛል። ዕቅዳቸው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን፣ ሆስፒታሉን፣ ተፈናቃይ የተጠለለበትን ሁሉ ልንጠይቅ። ከዚያ ደሴ። ከዚያ እኔ ወደዚያ ሸለቆ ልመራቸውና በየመንደሩ «ቁስለኛ አንስታችኋል?» ብለን ልንጠይቅ። አሁን ደግሞ በየቦታው ሌላ ተኩስ አለ፤ መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል። «ይዘጋ፤ ሲከፈት እንሄዳለን» ይላሉ። አንድ ፎቶህን በላስቲክ ጠቅልለው በአንገታቸው አንጠልጥለዋል።

የሚያስፈራኝን ልንገርህና ይብቃኝ። ያን እርከን አልረሳሁትም። ማሽላ ቢዘራበት፣ ጤፍ ቢዘራበት፣ ዓይኔን ጨፍኜ እደርስበታለሁ። እዚያ ካለህ፣ ድንጋዩን እንደተደገፍክ ካለህ፣ እናትህ ሳያዩ ቀድሜ እወርዳለሁ፤ ይሄን ቃል እሰጥሃለሁ፤ ቃሌ ምን እንደሚያህል ብታውቅም። ከሌለህ ደግሞ እናትህ እስኪሞቱ ይፈልጉሃል፣ እኔም እስኪሞቱ አብሬያቸው እዞራለሁ። ከሁለቱ የትኛውን እንደምመኝ አላውቅም። በሕይወት ትገኝ ዘንድ ግን አልመኝም ይትባረክ። አራት ዓመት በየሰላቴ ዱዓ ሳደርግልህ፣ አንድም ቀን በሕይወት አገናኘኝ ብዬ አልለመንኩም፤ ዓይንህን ፈርቼ ነው። ይሄንንም እወቅልኝ።

ጥሩምባው ተነፋ። እናትህ ሚኒባሱ አጠገብ ቆመዋል። አንድ ወፍራም ጋቢ አጣጥፈው ይዘዋል፤ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ይበርደዋል አሉ፣ ላንተ ነው። አሁን ረዳቱን ሲያናግሩት እዚህ ድረስ ይሰማኛል። «እሑድ ቦታ ያዝልን» ይሉታል፣ «ስንሄድ ሁለት ነን፤ ስንመለስ ሦስት ነን።»

ትቶህ የሄደው
ሙኽታር